ብቻውን ግሽ የደረሰ የለም

ጦርነቱ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በአንድ የጥር ወር፣ ሦስት ጓደኛሞች ከቡሬ ተነስተን ወደ ግሽ ዓባይ ጉዞ ጀመርን። ያን ሰሞን በእኛ ዕድሜ ባሉ የከተማ ልጆች ዘንድ አንድ ነገር ፋሽን ሆኖ ነበር። «ብቻህን ተራራ ውጣ፤ ስልክህን ዝጋ፤ ያኔ የውስጥ ሰላምህን ታገኛለህ» ይባላል። መጽሐፍ ላይ አንብበነዋል፣ ፊልም ላይ አይተነዋል፣ ውጭ አገር ደርሰው የመጡ ወዳጆቻችንም በምስክርነት አጽንተውልናል። እኛም «እስቲ እንየው» ብለን፣ ሦስት ሆነን ብቻችንን ለመሄድ ተስማማን። አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር፦ ቲሊሊ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር፤ በመሀላችን የግማሽ ሰዓት ርቀት ይኖራል፤ ቀን ቀን አንነጋገርም፤ ማታ ብቻ እንገናኛለን።

ዕቅዱ እስከ ምሳ ሰዓት አልዘለቀም። የመጀመሪያችንን ከገበያ የሚመለሱ አንድ አባት «ምነው ልጄ፣ ብቻህን? በደኅና ነው?» ብለው አስቆሙትና አህያቸውን እየነዱ መንገዱን አጋመሱለት። ሁለተኛችንን እንስራ ያዘሉ አንዲት እናት «ሰው ሞቶብህ ነው ወይ?» ብለው ቤታቸው አስገብተው ጠላ አጠጡት። ሦስተኛችንንማ እረኞች ከበው ስለ አዲስ አበባ ሲጠይቁት ዋሉ። በጎጃም ገጠር ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ መርዶ ነጋሪ ነው፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ማታ ሦስታችንም አንድ ቤት ተሰበሰብን። እግራችንን አጠቡን፤ ድንች ቀቅለው፣ ቆሎ ቆልተው አቀረቡልን። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ነበሩ። ስንበላ ዝም ብለው አዩንና «እንዲያው ልጆቼ፣ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ ተነጣጥላችሁ የምትሄዱት?» አሉ።

«ሰላም ፍለጋ ነው፣ አባባ» አልናቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያም «ከማን ተጣልታችሁ?» አሉን።

ያን ጊዜ ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም። ሰላም ማለት ለእሳቸው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው፤ የታጣውም ከሆነ ሰው ጋር ስለሆነ፣ የሚገኘውም እዚያው ሄዶ ነው። ሰላምን ከሰው ሸሽቶ መፈለግ ለእሳቸው፣ ቀብሩ ጎረቤት ሆኖ ለቅሶውን ጫካ ሄዶ እንደማልቀስ ነበር። ከተመለስን በኋላ ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችንም። ወደ ግሽ ተራራ የሄዱትን የጥንት ሰዎች ታሪክ ያገላበጥነውም በእሷ ምክንያት ነው። እነሆ ያገኘነውን።

ባሕታዊውና የቆሎ ተማሪው

ብቻ መሄድ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። «ባሕታዊ» የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዙ የብቸኝነት ቃል የወጣ ነው፤ ብቸኛው፣ ለብቻው የሆነው ማለት ነው። ጎጃም በባሕታውያን የታወቀ ምድር ነው። ነገር ግን የምናኔን ሥርዓት ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ማንም ከመንገድ ተነስቶ ባሕታዊ አይሆንም። መጀመሪያ በአንድነት ገዳም ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ ከማይስማማው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። በረሃ የሚወርደው ከዚያ በኋላ፣ በአበው ፈቃድና ምርቃት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከሰው ጋር መኖር ያልቻለ ሰው ብቻውን እንዲኖር አይፈቀድለትም። ባሕታዊው ከወረደ በኋላም ቢሆን ከዱር ወጥቶ በገበያ መሀል ሲገሥጽ፣ ባለሥልጣንን ሲያስጠነቅቅ በታሪካችን ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን። መንገዱ መመለሻም ነበረው።

ሁለተኛው የጎጃም ብቸኛ መንገደኛ የቆሎ ተማሪው ነው። ገና በልጅነቱ፣ አንዳንዴም ለእናት ለአባቱ ሳይናገር፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ይጠፋል። ለውሻ መከላከያ አንድ ዱላ ይዟል። ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት፣ ተራራ እያቋረጠ ይጓዛል። የቅኔ ቤት ሲባል ዋሸራና ጎንጅ በመላ አገሪቱ ስማቸው ይጠራል፤ ሁለቱም የጎጃም ናቸው። ይህ ልጅ ብቻውን ይሂድ እንጂ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጡት እናቶች ባይኖሩ ሁለተኛውን ተራራ አያልፍም ነበር።

በቅኔ ቤት ደግሞ «ቆጠራ» የሚባል ነገር አለ። ተማሪው ከጉባኤው ተነጥሎ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ኮረብታ ብቻውን ይሄዳል። እዚያ ተቀምጦ ከማንም ሳይነጋገር ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል። የሚያየው ሰው «ይህ ልጅ አብዷል» ሊል ይችላል። የእኛ ዘመን ሰው ሰላም ፍለጋ ተራራ ላይ የሚቀመጠው አቀማመጥ ይኸው ነው። ልዩነቱ ሲመለስ ነው የሚታየው። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ «ነገራ» ይባላል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም በሰው ፊት ያፈርሰዋል። ከነገራ ያልደረሰ ቆጠራ ዋጋ የለውም። በተራራው ላይ ያገኘኸው ነገር እውነት መሆኑ የሚታወቀው ሰው ፊት ስታቀርበው ነው።

ሰባቱ መጻሕፍት

ግሽ ዓባይ በሰከላ ወረዳ ያለች ደጋ ናት። ጣናን የሚመግበው ግልገል ዓባይ የሚነሳው ከእሷ ነው። ምንጩ ራሱ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከተራራው ሥር፣ ለምለም ሣር መሀል፣ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ነው። ስፍራው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው፤ ምንጩም ጠበል ነው።

ስለ ጻድቁ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው። ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ በእጃቸው የነበሩትን ሰባት መጻሕፍት ለወንዙ አደራ ሰጡ። ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው ሲጠሩ፣ ውኃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይደበዝዝ መለሰላቸው። «ግሽ» የሚለውንም ስም ከዚህ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ወንዙ የዋጠውን አግሥቶ መለሰ ለማለት።

ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንውሰደው። እኛን የሳበን አደራው ነው። ሰውየው በተራራው ሥር ያስቀመጡት ሀብታቸውን አልነበረም፤ የሚያነቡትንና የሚያስተምሩትን ነበር። ተመልሰው የወሰዱትም ያንኑ ነው። ተራራውና ወንዙ አደራ ጠባቂ ናቸው እንጂ ራሳቸው የሰላም ምንጭ አይደሉም።

እኛ ግሽ የደረስነው እንዳጋጣሚ በዚያው በጥር ወር በሚውለው በጻድቁ በዓል ሰሞን ነበር። ጸጥታ ፍለጋ ሄደን ከሕዝብ መሀል ወደቅን። ቢጫ ጀሪካን የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ በምርኩዝ የሚሄድ፣ ከበሮ የሚመታ። እኛ ብቻችንን እንድንሆንበት የመረጥነው ቦታ ላይ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር።

ፓኤዝ፦ ከንጉሥና ከሠራዊት ጋር

በጽሑፍ ከታወቁት የውጭ ሰዎች መካከል ግሽን መጀመሪያ ያየው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ነበር። ፓኤዝ ኢትዮጵያ ለመድረስ የመጀመሪያ ሙከራ ሲያደርግ ተይዞ ሰባት ዓመት በየመን ታስሯል። ብቸኝነትን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ግሽ የሄደው ግን ብቻውን አልነበረም፤ ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ነበር። ጥንት ቂሮስ፣ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን ነገር በማየቱ መደሰቱን ጻፈ፤ ከዚያም ብዙ ሳያጋንን ወደ ሥራው ተመለሰ። ሥራው ግን ለአገሪቱ ሰላም አላመጣም። ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን በይፋ ከለወጡ በኋላ አገሩ እርስ በርሱ ተላለቀ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፓኤዝ ይህን ሳያይ በ1622 ሞቷል።

ስኮትላንዳዊውና እቴጌይቱ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ፣ ቁመተ ረጅም፣ ኩሩና ደፋር ሰው ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገባ፤ በተከታዩ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተወደደ። ልቡ ግን ጎንደር አልነበረም። የዓባይን ምንጭ አይቶ መመለስና «ያየሁ እኔ ነኝ» ማለት ነበር ምኞቱ።

ምኞቱን ለእቴጌይቱ ሲነግራቸው የመለሱለትን እሱ ራሱ በመጽሐፉ ጽፎታል። በአጭሩ እንዲህ ነው ነገሩ፦ አንተ ከኢየሩሳሌም በኩል ይህን ሁሉ ሙቀትና ሽፍታ አልፈህ የመጣኸው አንዲት ረግረግ ለማየት ነው፤ ከዚያም ይዘኸው የምትሄደው የለም፤ በአገርህም ከዚህ የተሻለ ወንዝ ሞልቷል። እኔ የነገሥታት እናት ሆኜ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን ተቀምጬ፣ ሌት ተቀን የምመኘው ሁሉን ትቼ ኢየሩሳሌም ሄጄ በጎልጎታ ደጅ ለምኜ እየበላሁ መሞትን ነው። ሁለቱም መንገደኞች ናቸው፤ ሁለቱም ያላቸውን ንቀው የሌላቸውን ፈለጉ። ነገር ግን እቴጌይቱ ወደ ግሽ የሚወስደው መንገድ የማይሰጠው ነገር እንዳለ ቀድመው ነገሩት። ብሩስ አልሰማም።

ጥቅምት 28 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ተነሳ። ዳሞትንና የአገው ምድርን የሚገዛው ፋሲል መንገድ መሪ ሰጠው፤ ወልዶ ይባላል። ኅዳር 4 ቀን ከግሽ ተራራ አናት ደረሱ። ወልዶ ምንጩን ከማሳየቱ በፊት የብሩስን የሐር መቀነት ጉቦ ጠይቆ ወሰደ። ቀጥሎ የአካባቢው ሰዎች ስፍራው ቅዱስ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት። ያ ትልቅ ሰው በባዶ እግሩ፣ ያለ መቀነቱ፣ ቁልቁል ሮጠ፤ የአበባ ሥር እያደናቀፈው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ምንጩም ጋ ደረሰ። አብሮት የነበረውን ስትራቴስ የተባለ ግሪካዊ ጠርቶ፣ በኮኮናት ቅል ውኃ ቀድተው ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጡ።

እንግዲህ ሰላሙ መምጣት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። የሕይወት ዘመን ምኞት ተሳክቷል፤ ተራራው አለ፤ ምንጩ አለ፤ አየሩ ንጹሕ ነው። ብሩስ የጻፈልን ግን ሌላ ነው። ደስታው ወዲያው ጠፍቶ ከባድ ኀዘን ወደቀበት። የራይንን፣ የሮንን፣ የሶንን ምንጮች አይቼ የለ ወይ፣ ከዚህ በምን ያንሳሉ እያለ ራሱን ጠየቀ። ይህ ሁሉ ድካም የታመመ ሐሳብ የወለደው እንደሆነ ታየው። የእቴጌይቱ ቃል ሳያስበው ከራሱ አፍ ወጣ።

ለምን? የእኛን አዛውንት ጥያቄ ለብሩስ ብናቀርብለት መልስ እናገኛለን። ከማን ተጣልተህ? ከብዙ ሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ፓኤዝ ግሽን አይቷል መባሉን አጥብቆ ካደ። ከፓኤዝ የባሰው ደግሞ የባሉጋኒ ነገር ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው፣ የብሩስ ሠዓሊና ረዳት ነበር። ያን ሁሉ አገር አብሮት ዞሯል፤ ዕፅዋቱን ሥሏል፤ የጉዞውን ማስታወሻ በእጁ ጽፏል። በብሩስ መጽሐፍ ግን ግሽ ላይ ባሉጋኒ የለም። ቀድሞ የሞተ ተደርጎ ቀርቷል። የባሉጋኒ ማስታወሻዎች ግን እስከ ግሽ አብሮ እንደሄደ ይመሰክራሉ፤ የሞተው ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ ነው። ብሩስ ምንጩን ያየ ብቸኛው አውሮፓዊ ለመሆን ሲል ጓደኛውን ከታሪኩ ሰረዘው። እንግዲህ «ብቻውን ግሽ የደረሰው ሰው» የሚባለው ታሪክ የቆመው በአንድ የተሰረዘ ሰው ላይ ነው።

ኀዘኑ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው ብለን አንፈርድም፤ የሰው ልብ ጥልቅ ነው። ነገር ግን ብሩስ በኋላም ሰላም አላገኘም። አገሩ ሲመለስ ለንደን ውስጥ ተሳለቁበት፤ የሚያወራውን ብዙዎች አላመኑትም። ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ በወጣትነቱ የሌላውን ኢየሱሳዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ የተረጎመ ሰው ነው። ብሩስ አኩርፎ ወደ ርስቱ ገባ፤ አምስቱን ቅጽ መጽሐፉን ያሳተመው ከግሽ ጉዞው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ነው። በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። የዓባይን ገደል ያለፈ ሰው በሳሎኑ ደረጃ አለፈ። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበልለት፦ የነገረው አብዛኛው እውነት ነበር። የዋሸው ስለ ብቸኝነቱ ነው።

በወንድም ፊት

ይህ የብሩስ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ በ1336 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የቫንቱ ተራራ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ የያዘውን የቅዱስ አውግስጢኖስን መጽሐፍ ገለጠ፤ ያነበበው ነገር ሰዎች ተራራ እያደነቁ ራሳቸውን እንደሚረሱ ይናገር ነበር። አፍሮ ዝም ብሎ ወረደ። ይህ ታሪክ በአውሮፓ «ራስን በተራራ ላይ የማግኘት» መጀመሪያ ተደርጎ ይተረካል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ፔትራርካ ከወንድሙ ጋር መውጣቱ ነው። ጓደኛ ሲመርጥ አንዱ ዝምተኛ፣ ሌላው ወሬኛ እየሆነበት ተቸግሮ፣ በመጨረሻ ወንድሙን እንደወሰደ ራሱ ጽፏል። ያፈረው በወንድሙ ፊት ነው።

ጸጥታና ሰላም

ቡሬ ጦርነትን የምታውቅ ከተማ ናት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዙሪያዋን ምሽግ ተሠርቶባት ነበር። የጎጃም አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው በየተራራው ዓመታት አሳለፉ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ክረምት ከሱዳን የገባው የሳንድፎርድ ቡድን ወደ ሰከላ ተራሮች ሲወጣ ያቆየው የእነሱና የገበሬው እጅ ነበር። ጣሊያን ቡሬን ለቆ የወጣው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ተራራ የገባ ሰው ከማን እንደተጣላ ያውቅ ነበር።

ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የምትገኘው ከተማ ስሟ ፍኖተ ሰላም ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ። «ስልክህን ዝጋ፣ ሰላም ታገኛለህ» ይሉን የነበሩት ወዳጆቻችን ትዝ ያሉን ያኔ ነው። ስልካችን ተዘጋ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን እናቶቻችንን ማግኘት አቃተን። በዓል ሲመጣ በሰው በሰው «ደኅና ናቸው» የምትል አንዲት ቃል ለመስማት ሳምንት ጠበቅን። በአማርኛችን «ጸጥታ» ሁለት ነገር ነው፤ ዝምታም ነው፣ የመንግሥት ጥበቃም ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ኖረው ሰላም ላይኖር እንደሚችል የተማርነው በዚያ ክረምት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ውስጥ ሰላም ስንጽፍ እፍረት ይሰማናል። መንገዱ ሰላም ባጣበት ጊዜ «ሰላም በውስጥህ ነው» ማለት ቀላል ማምለጫ ሊሆን ይችላል። ያ ጉዞ ግን ከንቱ ነበር አንልም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ከበዓሉ ሕዝብ ፈንጠር ብለን፣ ሦስታችንም በየፊናችን የግሽን ተራራ ወጥተን ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አላናገረንም። ነፋሱ፣ ከሥር የሚሰማው ከበሮ፣ ሩቅ የሚታየው የገብስ ማሳ። ልባችን በእውነት ዐረፈ። ግን አሁን ስናስበው ያሳረፈን ባዶነቱ አልነበረም። ከሥር የሚያውቁን ሰዎች መኖራቸው፣ ስንወርድ «የት ጠፋችሁ?» የሚለን መኖሩ ነበር። ቆጠራችን ነገራ ነበረው።

የእነዚያን አዛውንት ወሬ ከዚያ ወዲህ አልሰማንም። መንገዱ ሲከፈት፣ ብቻችንን ሳይሆን አንድ ላይ፣ ወደዚያች ቤት መመለስ እንፈልጋለን። ከማን ተጣልታችሁ ብለው ነበር። ያን ጊዜ የሳቅንባት ጥያቄ ዛሬ የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ሆናለች፤ የተጣላውም ታውቋል። የቀረው አስታራቂው ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።